ማን በለጣት?

ባለፈው ሳምንት ናሆም የኮምፒውተሩን ስክሪን ወደ እኔ አዙሮ፣ «እትዬ ሙሉ፣ ይሄን ነገር ላጥፋው?» አለኝ። ናሆም ዘንድሮ የተቀጠረ ልጅ ነው፤ የትምህርት ቤታችንን ሬከርድ ኦፊስ ቀስ በቀስ ከእኔ እየተረከበ ነው። ጎበዝ ነው፣ ግን እጁ አያርፍም፤ ያገኘውን ሁሉ ካላደሰ እንቅልፍ አይወስደውም። ለቢሮው አዳዲስ ኮምፒውተሮች ስለተገዙ የሮስተሩን ፋይል፣ ማለትም የተማሪዎቹ ውጤት ተደምሮ ደረጃቸው የሚወጣበትን ሰንጠረዥ፣ በአዲሱ የኤክሴል ቨርዥን እየሞከረው ነበር። ማክሮውን፣ ማለትም ሰንጠረዡን በራሱ የሚያሠራውን የትዕዛዝ ዝርዝር፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ በወጣትነቴ። እሱ ደግሞ መሃሉ ላይ ያሉትን መስመሮች አላምር ብለውታል።

«ደረጃ ለማውጣት ይሄ ሁሉ መስመር ምን ያደርጋል? ባንድ ቃል የሚሠራ ትዕዛዝ እኮ አለ» አለኝ።

«አውቀዋለሁ» አልኩት። እንዲያውም በደንብ አውቀዋለሁ፤ ጉድ ያፈላብኝ እሱ ነው። ይህን ግን ወዲያው አልነገርኩትም። የሰኔ ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበው ስለነበር ለመነጋገርም አይመችም። እስኪ ለጊዜው አትንካው ብዬው ሻይና ፓስቲ ለማምጣት ጥላዬን ይዤ ወጣሁ።

እዚህ ትምህርት ቤት ስቀጠር የኮምፒውተር ሥልጠናዬን ገና መጨረሴ ነበር። ቀራንዮ ያኔ ፎቅ አልበዛባትም። ከመድኃኔዓለም ወደ እኛ የሚወስደው መንገድ ተቆፍሮ የተተወ ስለነበር፣ ክረምት ሲገባ ደህናውን ጫማ በፌስታል ይዞ በቦቲ መምጣት ያባት ነው። ግቢው የአንድ ሰው መኖሪያ የነበረ ነው፤ ለእኔ የተሰጠኝ ቢሮ ደግሞ የቤቱ ማድ ቤት ነበር። በየዓመቱ ቀለም ይቀባል፣ በየዓመቱ ጥላሸቱ በቀለሙ ውስጥ ተመልሶ ብቅ ይላል። እስከ ዛሬም አለ።

የሰኔ መጨረሻ መምህራን የሚነጫነጩበት ወቅት ነው። ሮስተሩን በካልኩሌተር ደምረው፣ አካፍለው፣ ደረጃውን በቀይ እስክሪብቶ ይጽፋሉ፤ አንድ ቁጥር ከተሳሳተ ክፍሉ በሙሉ እንደገና ይደመራል። በእኛ አገር ደግሞ ደረጃ ቀላል ነገር አይደለም። ታክሲ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠ የማታውቀው ሰው ሳይቀር ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ ሲያይ «ስንተኛ ወጣሽ?» ይላታል። ምን ተማርሽ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔ ከአሥር ውስጥ ገብቼ ስለማላውቅ በልጅነቴ ይህን ጥያቄ ስሰማ መስኮት መስኮቱን ነበር የማየው።

ርዕሰ መምህሩ አቶ መስፍን ድሮ የሒሳብ አስተማሪ የነበሩ፣ ቀጭን፣ ጥላቸውን በጠራራ ፀሐይ እንኳ የማይለዩ ሰው ነበሩ። ያን ዓመት አዲስ ላፕቶፕ ገዙና፣ ዘንድሮ ሮስተሩ በሙሉ በኮምፒውተር ይሠራልኝ አሉ። እኔም ደስ አለኝ። ችግሩ ቢሮዬ ያለው ኮምፒውተር አሮጌ ነው፣ ውስጡ ያለው ኤክሴልም እንደዚያው፤ የላፕቶፑ ግን አዲስ ነው። ሁለቱ ደግሞ አይግባቡም። በአዲሱ ያስቀመጥኩትን ፋይል አሮጌው አልከፍትም ይላል። አንዱ የሚያውቀውን ትዕዛዝ ሌላው አያውቀውም፤ የማያውቀው ሲገጥመው ቁጥሩን ትቶ የስህተት ምልክት ይደረድራል። ቀኑን ሙሉ በፍላሽ ስመላለስ ከርሜ በመጨረሻ መላ አገኘሁ። ማክሮው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ያለሁት በየትኛው ቨርዥን ነው ብሎ እንዲያጣራ አደረግኩት። አሮጌ ከሆነ በአንድ መንገድ፣ አዲስ ከሆነ በሌላ መንገድ ይሄዳል፤ ጦር ኃይሎች ላይ ረዳቱ ዓለም ባንክ ነሽ ቀራንዮ እያለ ሰዉን በየታክሲው እንደሚያስገባው ማለት ነው።

በአሮጌው ቨርዥን ደረጃ የሚያወጣ ትዕዛዝ አንድ ብቻ ነው። በአዲሱ ሁለት ሆነው አገኘኋቸው። አንደኛው፣ እኩል ለሆኑት አማካዩን ይሰጣል ይላል ማብራሪያው። አማካይ የሚለው ቃል ፍትሐዊ መሰለኝና እሱን መረጥኩ። ስሞክረው እኩል የወጣ ልጅ አልነበረም፤ ሁሉም ልክ መጣ።

በዚያን ጊዜ እትዬ ብርቄን አውቃቸው ነበር። የትምህርት ቤቱን ዩኒፎርም የሚሰፉት እሳቸው ናቸው፤ ዓለም ባንክ መንገድ ዳር አንድ ሲንጀር የያዘች ጠባብ ቤት ነበረቻቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ልጃቸውን ፍሬሕይወትን የሚያሳድጉት ብቻቸውን ነው። ፍሬሕይወት አምስተኛ ክፍል ናት። ለቀጣዩ ዓመት የሚከፍሉት እንደሌላቸው፣ ተስፋቸው አቶ መስፍን በር ላይ የለጠፉት ማስታወቂያ ብቻ እንደሆነ ነግረውኛል፤ ማስታወቂያው ከየክፍሉ አንደኛ ለሚወጣ ተማሪ የቀጣዩ ዓመት ትምህርት በነፃ ነው ይላል። ልጅቷም ይህን ታውቃለች። ለፈተናው ስታነብ እናቷ ሲንጀሩን አቁመው በእጃቸው ይሰፉ ነበር አሉ፣ ድምፁ እንዳይረብሻት።

ካርዱን ማተም የጀመርኩት በቢሮዬ አሮጌ ኮምፒውተር ነው። ስሞቹ በፊደል ተራ ስለሆኑ ከላይ ጀምሬ እየወረድኩ፣ አምስተኛ ክፍልን አጋምሼ ሳለ መብራት ጠፋ። ካርድ የሚሰጠው በማግስቱ ነው። ስለዚህ ላፕቶፑን በጋቢዬ ጠቅልዬ፣ በዝናብ፣ ጄኔሬተር ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ፍለጋ ጦር ኃይሎች ወረድኩ። ፌርማታው ላይ የተገዛ ትኩስ ፓስቲ በጋዜጣ ይዤ፣ ዘይቱ ካርዱን እንዳይነካ እየተጠነቀቅኩ፣ የቀረውን ከላፕቶፑ አሳተምኩ። ሥራዬን ጨርሼ ስመለስ ራሴን እንደ ትልቅ ሰው ነበር የቆጠርኩት።

ካርዱ በተሰጠ ማግስት እትዬ ብርቄ ቢሮዬ መጡ፤ አቶ መስፍንም እዚያው ነበሩ። እትዬ ብርቄ ሁለት ካርድ ይዘዋል። አንዱ የፍሬሕይወት ነው። ሌላው የጓደኛዋ የሊዲያ ነው፤ ሊዲያ የትምህርት ቤታችን የአንዷ መምህርት ልጅ ናት። ልጆቹ ካርዳቸውን ጎን ለጎን አድርገው ሲያዩ ድምራቸው እኩል፣ አማካያቸው እኩል ሆኖ አገኙት። የሊዲያ ካርድ ግን ደረጃ 1፣ የፍሬሕይወት ደረጃ 2 ይላል።

እትዬ ብርቄ አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። ካርዶቹን ጠረጴዛዬ ላይ አስተካክለው አስቀምጠው፣ «የመምህር ልጅ ስላልሆነች ነው?» ብለው ብቻ ጠየቁ።

አቶ መስፍን ኮምፒውተር የማን ልጅ እንደሆነ አያውቅም፣ አይሳሳትምም ብለው መለሱላቸው። እኔ ግን የመንደሩ ወሬ ነገ ምን እንደሚል ታየኝ። አሮጌውን ኮምፒውተር ከፍቼ ፋይሉን አሳየኋቸው፦ ሁለቱም ልጆች 1። ላፕቶፑን ከፈትኩ፦ ሁለቱም ልጆች 2። ከእነሱ ቀጥሎ ያለው ልጅ በሁለቱም 3 ነው። በላፕቶፑ ላይ ክፍሉ በሙሉ ቢፈለግ አንደኛ የለም። የፊደል ተራ ሆኖ የሊዲያ ካርድ የታተመው ከአሮጌው፣ የፍሬሕይወት ከአዲሱ ነው።

አቶ መስፍን መነጽራቸውን አውልቀው፣ ጠርገው፣ መልሰው አጠለቁ። እኔ የደበቅኩትን ነጥብ ስገልጠው 2 የነበረው 1.5 ሆነ። አዲሱ ትዕዛዝ ሁለት ልጆች እኩል ሲሆኑ አንደኛንና ሁለተኛን ደምሮ ለሁለት ያካፍላል ማለት ነው። እኔ ደግሞ ካርዱ እንዲያምር ነጥብ እንዳይታይ አድርጌ ስለነበር ተኩሉን ወደ ሁለት አጠጋጋው። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ የሚባለው ይኸው ነው።

ይህን ሁሉ ሳብራራ እትዬ ብርቄ ፊቴን እንጂ ስክሪኑን አያዩም ነበር። ስጨርስ፣ «እኔ እሱን አላውቅም፣ ሙሉ» አሉኝ። «አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ልጄን ማን በለጣት?»

«ማንም አልበለጣትም።»

«እህ። እንግዲያ ሁለተኛ አይደለችማ።»

አቶ መስፍን መጀመሪያ ነፃውን ዕድል ለሁለት ከፍለን ግማሽ ግማሽ እናድርገው አሉ። እትዬ ብርቄ ግማሹን መክፈልም ለእሳቸው ያው ሙሉውን እንደመክፈል እንደሆነ ነገሯቸው። አቶ መስፍን ወጥተው በሩ ላይ የለጠፉትን ማስታወቂያ ቆመው አነበቡት፤ የገዛ ፊርማቸው ያለበት ነው። ሲመለሱ፣ በቀይ እስክሪብቶ ዘመን እኩል የወጡትን ሁለቱንም አንደኛ ብለን ቀጣዩን ሦስተኛ ነበር የምንለው፣ አሁንስ ምን ተገኘ አሉ። ለሁለቱም ነፃ ሆነ። የፍሬሕይወትን ካርድ እዚያው አትሜ ሰጠኋቸው። እትዬ ብርቄ ሲወጡ ጉንጬን ሳሙኝ፤ እኔ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ።

በዚያ ክረምት ማክሮውን አፍርሼ እንደገና ጻፍኩት። ከአሮጌውም ከአዲሱም ቨርዥን ትዕዛዝ አልዋስም ብዬ፣ ጥያቄውን ራሱን አስገባሁት። ማክሮው እያንዳንዷን ልጅ ይይዝና የክፍሉን ልጆች በየተራ ያያል፤ ይቺን ልጅ የበለጣት አለ? ካለ ይቆጥራል። በመጨረሻ በቆጠረው ላይ አንድ ይጨምራል። ማንም ካልበለጣት አንደኛ ናት፣ አለቀ። ይህን የማይገባው ቨርዥን የለም። በቢሮው ሞከርኩት፣ በላፕቶፑ ሞከርኩት፣ ጦር ኃይሎች ፎቶ ኮፒ ቤት ሄጄ ልጁን ለምኜ በእሱም ኮምፒውተር ሞከርኩት። ሁሉም ጋ መልሱ አንድ ነው። በሕይወቴ እንደዚያ የኮራሁበት ሥራ ጥቂት ነው።

ሻይና ፓስቲውን ይዤ ስመለስ ናሆም አላርፍ ብሎ በአዲሱ ትዕዛዝ ሞክሮት ጠበቀኝ። ያው ነው፣ ከእርስዎ ጋር አንድ መልስ ነው የሚሰጠው አለኝ። ሁለት እኩል አንደኛ የሚወጡ ልጆች አስገብተህ ሞክረው አልኩት። አስገባ። ሰንጠረዡን ከላይ እስከ ታች በጣቱ ፈለገ።

«አንደኛው የት ሄደ?» አለ።

ሳቅኩኝ። ከዚያ ከላይ የጻፍኩትን አጫወትኩት። ፓስቲውን እየበላ ሲሰማኝ ቆየና መስመሮቹን እንደነበሩ መለሳቸው። «ግን ይገርማል» አለኝ፣ «ይሄ ሁሉ ቨርዥን ተቀያይሮ፣ አንድም ቀን ተበላሽቶ አያውቅም?»

አያውቅም አልኩት።

ያላጫወትኩት የተከተለውን ዓመት ነው። ያን ዓመት እትዬ ብርቄ ታመው ከረሙ። ፍሬሕይወት ከትምህርት ቤት እየተመለሰች ሲንጀሩ ላይ የምትቀመጠው እሷ ሆነች። ሰኔ ላይ የስድስተኛ ክፍልን ሮስተር አስገብቼ ማክሮውን ሳስነሳው በስሟ ትይዩ 3 አለ። ፋይሉን ዘግቼ ከፈትኩት፣ 3። ላፕቶፑን ከአቶ መስፍን ተዋስኩ፣ 3። ዝናቡን ተቀብዬ፣ የረባ ምክንያት ሳይኖረኝ፣ ጦር ኃይሎች ድረስ ወረድኩ። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ልጅ ምን ልታትሚ ነው ሲለኝ ምንም አልኩት። እዚያም 3። ሁሉም ጋ አንድ መልስ የሚሰጥ ነገር ልሥራ ብዬ የለፋሁት እኔው ነኝ፤ ያን ቀን ግን ከማሽኖቹ አንዱ እንኳ ቢሳሳትልኝ ምን ነበረበት እያልኩ ነበር።

ካርዱን ሊወስዱ እትዬ ብርቄ ራሳቸው መጡ። ከስተው ነጠላቸው ሰፍቷቸዋል። ቁጥሩን አዩትና እንደ አምናው፣ በዚያው ድምፅ፣ «ማን በለጣት?» አሉኝ።

«ሁለት ልጆች» አልኳቸው።

«በሁለቱም ኮምፒውተር አየሽው?»

«አየሁት፣ እትዬ ብርቄ።»

«አንቺ ካየሽው እሺ» አሉ። ካርዱን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። ፍሬሕይወት በመስከረም ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ገባች። እናቷ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመት፣ ነሐሴ በመጣ ቁጥር የሌላ ሰው ልጆች የሚለብሱትን ዩኒፎርም ሰፍተው በፌስታል ያመጡልን ነበር። እኔም እየፈረምኩ እረከባቸዋለሁ። ስለ ልጅቷ ደህና ናት ወይ እላለሁ፤ ደህና ናት ይሉኛል።

ናሆም ግን ይህን አልጠየቀኝም። የጠየቀኝ ማክሮው ተበላሽቶ ያውቅ እንደሆነ ነው። ተበላሽቶ አያውቅም።