ጋሽ ሚሊሜትርና አሥራ ስድስቱ ማርሾች

ቀኑ የወሩ ሰባት ነበር። ቆይ፣ ዘጠኝ ይሆን እንዴ? የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ዕቃ ጠባቂ ይህን ለልጇ ስታወራ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ትሰናከላለች፤ ጣቷን እያጠፈች ትቆጥርና ትተወዋለች። ሐሙስ መሆኑን ግን አትጠራጠርም። ሐሙስ ስቶሩ ጓንትና ዘይት የሚያድልበት ቀን ስለነበር መስኮቱ ላይ ሰልፍ ነበር። ጋሽ ሚሊሜትር ሰልፉ እስኪያልቅ ጠብቀው፣ «ልጄ፣ የዚያን ማርሽ ናሙና ስጪኝ፤ ያልተነካውን» አሏት።

ነገሩ የመጣው ከሬዲዮ ነው። የአገሪቱ መሪ ለሁለተኛ ጊዜ በተመረጡ በሳምንቱ የቀጣዩን ዘመን ትኩረታቸውን ሲዘረዝሩ ሠራተኛው ሁሉ በምሳ ቤቱ ሰምቷቸዋል። አንደኛ፣ እዚሁ ሊሠራ የሚችል ዕቃ በውጭ ምንዛሪ አይገዛም፤ ሁለተኛ፣ የቆመ ማሽን ይነሳል፤ ሦስተኛ፣ ማሽን ቆመ ተብሎ ሠራተኛ አይበተንም። በፋብሪካው ደግሞ አሥራ ስድስት የሽመና ማሽኖች በአንዲት ማርሽ ምክንያት ዓመት ሙሉ ቆመዋል፤ የተሸመነውን ጨርቅ እየሳበች የምትጠቀልል፣ ከመዳፍ የማትበልጥ ባለ ጥርስ ብረት ናት። ሥራ አስኪያጁ ጊዜ አላጠፉም። አሥራ ስድስቱንም በራሳችን እጅ እናስነሳለን፣ መጥተው ይዩልን ብለው ጻፉ። መሪውም እመጣለሁ አሉ። ያኔ የሁሉም ዓይን ወደ ጋሽ ሚሊሜትር ዞረ።

ጋሽ ሚሊሜትር የቶርኖ ባለሙያ ናቸው፤ ብረት እያሽከረከሩ በስለት ይልጣሉ፣ ጥርስ ያወጣሉ። ፋብሪካው የገቡት በወለል ጠራጊነት ነው። ከቶርኖው ሥር የብረት ፍቅፋቂ ሲጠርጉ ሙያውን በዓይናቸው ሰረቁት። ስሙን ያወጣችላቸው የሽመና ክፍል አለቃዋ ናት፤ ቤታቸው ተጋብዛ ለአራት ልጆቻቸው ዳቦ ሲቆርሱ አይታ «ሰውዬው ሚሊሜትር ናቸው» ብላ መጣች፣ በዚያው ጸደቀ። ሚስታቸውም፣ ሲቆጣኝ እንኳ ለክቶ ነው፣ ትላለች ይባላል።

እንግዲህ ስቶሩ ውስጥ ሁለት ማርሽ ነበር። አንዱ በዘይት ወረቀት እንደተጠቀለለ ላይኛው መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ፣ የመጨረሻው አዲስ። እሱን ለማውጣት የሥራ አስኪያጁ ፊርማ ያስፈልጋል፤ መሰላሉን ደግሞ ኤሌክትሪከኛው ወስዶታል። ሌላው ከማሽን የወለቀ፣ በናፍጣ ታጥቦ የሚያብረቀርቅ፣ እጇ ሥር ያለ። ዕቃ ጠባቂዋ ሥራ ከጀመረች ሦስት ወሯ ነበር፤ ፊርማ መጠየቅ ያስፈራታል። ጥርሶቹን ቆጠረች፤ አንድም አልጎደለም። ሰጠቻቸው።

«ያልተነካው ነው?»

«አዎ ጋሼ» አለች።

በዘጠኝ ቀን አሥራ ስድስት ማርሽ ቆርጠው ደረደሩ። ጉብኝቱ ሁለት ቀን ሲቀረው አንዱ ማሽን ላይ ተገጥሞ ተሞከረ፤ ዞረ፤ ሰው አጨበጨበ። የሽመና አለቃዋ ግን ጨርቁን ወደ መስኮት ወስዳ በብርሃን አየችው። በየስንዝሩ ቀጭን መስመር ይታያል።

«ጋሼ፣ የሜዳ አህያ ነው እንዴ የምሸምነው?» አለቻቸው።

ጋሽ ሚሊሜትር ናሙናውን አነሱና ለኩት። ደግመው ለኩት። ከዚያ ባዶ የዘይት በርሜል ላይ ተቀመጡ። የናሙናው ጥርስ በሥራ ብዛት አንድ አሥረኛ ሚሊሜትር ተበልቶ ኖሯል። ሌላ ባለሙያ፣ እጁ ትንሽ የሚሳሳት ሰው ቢሆን ምናልባት በስህተት ትክክለኛውን ይሠራ ነበር፤ እሳቸው ግን ያዩትን ሳያዛንፉ ነውና የሚቀዱ፣ መበላቱንም አብረው ቀዱት። አሥራ ስድስት ጊዜ።

ወሬው ዕቃ ጠባቂዋ ጋ ደረሰ። የሙከራ ጊዜዋ አላለቀም፤ እናቷና ሁለት ታናናሾቿ የእሷን ደመወዝ ነው የሚጠብቁት። ናሙናው ከየት መጣ ከተባለ አለቀላት። ቢሆንም መሰላሉን ራሷ ተሸክማ አመጣች፣ ያለ ማንም ፊርማ አዲሱን አወረደችና የሥራ ጠረጴዛቸው ላይ አኖረችው። «ሌላ ተገኘ ጋሼ» አለች። እሳቸው ማርሹን አዩ፣ እሷን አዩ።

«ወረቀቱን አጣጥፈሽ መልሺው፤ ይጠቅማል» ብቻ አሏት።

ሥራ አስኪያጁ ካፈርኩ አይመልሰኝ አሉ። መሪው የሚቆዩት ሩብ ሰዓት ነው፣ አሥራ ስድስቱም ተገጥመው ይዙሩ፣ ጨርቁን ማን ያየዋል?

«የሚለብሰው ያየዋል» አሉ ጋሽ ሚሊሜትር። ቁልፋቸውን አንስተውም የተገጠመችውን ማርሽ ፈቱ። በሁለት ቀን አራት አዲስ ደረሱላቸው።

መሪው ሲመጡ በፎቶ ከሚታወቁት አጠር ያሉ ሰው ሆነው ተገኙ። አራት ማሽን ሲዞር፣ አሥራ ሁለት ቆሞ አዩ። ደብዳቤው አሥራ ስድስት ይል አልነበረም ወይ ብለው ጠየቁ። ሥራ አስኪያጁ ወደ ጋሽ ሚሊሜትር ዞሩ። ዕቃ ጠባቂዋ የስቶሩን በር ተደግፋ ቆማለች። ጋሽ ሚሊሜትር በሁለት እጃቸው ሁለት ማርሽ ይዘው ከተሰለፈው ሠራተኛ መካከል ወጡ።

«ክቡርነትዎ፣ አሥራ ስድስት ሠርቼ ነበር። የተበላ ናሙና ሳላጣራ ቀዳሁ። ናሙና ሳይለካ ቶርኖ አይነሳም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። እነዚህ አራቱ ልክ ናቸው፤ የቀሩት ለወሩ መጨረሻ ይደርሳሉ።»

መሪው ሁለቱንም ተቀብለው በአውራ ጣታቸው ዳሰሷቸው። «ለእኔ አንድ ናቸው» አሉ።

«ለእርስዎ አዎ። ለክሩ ግን አይደሉም።»

መሪው ሳቁ። እንግዲያው እኔም አራት እላለሁ አሉ፤ አሉም። በዚያ ሳምንት በሬዲዮ የየፋብሪካው ውጤት ሲነገር ከሁሉ ያነሰው ቁጥር የእነሱ ነበር፤ ምሳ ቤቱ ግን ደረቱን ነፍቶ ሰማው። የሽመና አለቃዋ ብቻ አፏን አልያዘችም። «እሳቸውም ሁለተኛ ዘመናቸው ነው፤ ከየትኛው ናሙና እንደሚቀዱት እናያለን» አለች፤ ሥራ አስኪያጁ ሳይቀሩ ሳቁ።

የወሩ መጨረሻ ደረሰ፤ አሥራ ስድስቱም ዞሩ። ማንም አልተበተነም። ከሌሎች ፋብሪካዎች ሳይቀር ማርሽ ሊያስቆርጡ ይመጡ ጀመር። የመሪው ሁለተኛ ዘመን አልቆ ሌላ መሪ ሌላ ዝርዝር አነበቡ፤ ማርሾቹ ይዞራሉ። ስለዚያች ናሙና ግን ጋሽ ሚሊሜትርም አላነሱ፣ ዕቃ ጠባቂዋም ሆድ ይፍጀው ብላ ኖረች። የሚከነክናት አንድ ነገር ነው፤ ያን ጊዜ ጋሼ የተሳሳተች ልጅ መስላቸው ነው የሸፈኗት፣ ወይስ የዋሸች መሆኗን እያወቁ?

ጡረታ የወጡ ቀን መሣሪያቸውን ሊያስረክቡ ስቶር መጡ። ያኔ የስቶሩ ኃላፊ እሷ ነበረች። መለኪያቸውን፣ ስለታቸውን፣ ቁልፋቸውን አንድ በአንድ መስኮቱ ላይ ደረደሩ፤ መለኪያው ከተጠቀለለበት ጨርቅ ሲወጣ እንደ አዲስ ነበር። ዛሬ እጠይቃለሁ አለች በልቧ። ያችን የተበላች ናሙና ላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ በዚያው በዘይት ወረቀት ጠቅልላ አስቀምጣት ነበር።

«አንድ ጊዜ ጋሼ፣ የማሳይዎት ነገር አለ» ብላ መሰላሉን ወጣች።

ወረቀቱ ከመደርደሪያው ጋር ተጣብቆ አስቸገራት። ይዛ ስትወርድ መስኮቱ ላይ የተፈረመ ቅጽ ብቻ ነበር። ወደ በሩ ሮጠች። የሠራተኛው አውቶቡስ የሚወጣበትን ደቂቃ የሚያውቁት ጋሽ ሚሊሜትር ሲሳፈሩ አየች። መስኮቱ ጋ ተቀመጡ፤ አውቶቡሱ በሽመናው አዳራሽ ጎን ሲያልፍ ጆሯቸውን ወደ ማሽኖቹ አዘነበሉ፣ ራሳቸውን በእሺታ አንዴ ነቀነቁ፣ ከዚያ የግቢው በር ከኋላቸው ተዘጋ።