ሰሌዳ የሚያስረው ሰው

ለመኪና ገዢዎች ሊብሬና ሰሌዳ የሚያወጣውን ሰው ነቀምቴ፣ ከመኪና መሸጫው ደጅ ሁልጊዜ አየው ነበር፤ ስሙን ግን ጠይቄ አላውቅም። ካኪ ኮቱ ከካውያ ብዛት ያብረቀርቃል፤ የጫማው ተረከዝ አልቋል።

አንድ ቀን የቡና ነጋዴው ኦቦ ጨመዳ አዲስ የጭነት መኪናቸውን ሊረከቡ መጥተው፣ «ዋጋውን ከፍያለሁ! ይሄ ማስፈጸሚያ የምትሉት ደግሞ የምንድን ነው?» ብለው ተቆጡ።

«እርስዎ ቡናዎን ሲያስለቅሙ እኔ አዲስ አበባ ደጅ ስጠና ከረምኩ፣ ኦቦ። ሊብሬና ሰሌዳ ከሌለው ኬላውን አያልፍም፤ የዶሮ ማደሪያ ይሆናል» አላቸው ባለካኪው።

ሳቁና ከፈሉ። እሱም ሰሌዳውን በእጁ አስሮ በመሐረቡ ወለወለው። ኦቦ ጨመዳ ለመኪናው ምርቃት ካመጡት እርጥብ ሣር ቀንጥበው ሰጡት።

ከመሸጫው ማዶ የኬላው ዘበኛ ሰሌዳውን አይቶ ገመዱን ዝቅ ሲያደርግ፣ ባለካኪው ሣሩን ደረት ኪሱ ላይ ሰካው። ከዚያ በእግሩ፣ የመንገዱን መሀል ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ።