አሥራ አንድ ሴቶች አንድ ሰው ሲመርጡ

የያዙኝ ሰሊጥ የምንለቅምበት መጋዘን በር ላይ ነው። ቀኑ ገና አልተጋመሰም ነበር። ገዳሪፍ ያለ ሐበሻ ሁሉ ከሻን ያውቀዋል፤ መኪና ይመጣል፣ ወረቀት የሌለው ይታፈሳል። እኔም ከሻ መስሎኝ የመኖሪያ ወረቀቴን ከጉያዬ አወጣሁ። ሰውዬው ወረቀቱን አላየውም።

«ኡስታዛ የሚሉሽ አንቺ ነሽ?» አለኝ። መምህሯ ማለቱ ነው። ያን ጊዜ ነገሩ ከሻ እንዳልሆነ ገባኝ።

መተማ ሳለሁ ሥነ ዜጋ አስተምር ነበር። በጦርነቱ ምክንያት ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ልጄን እህቴ ዘንድ ትቼ ወደ ገላባት በእግሬ ተሻገርኩ፤ ከዚያ በጭነት መኪና ገዳሪፍ ገባሁ። ከሰዓት በኋላ ሥራው ጋብ ሲል ለሰሊጥ ለቃሚዎቹ ፊደል አስቆጥራቸው ነበር። አንድ ቀን አንዷ፣ «ከአሠሪው ጋር የሚነጋገርልን ሰው ለምን ራሳችን አንመርጥም?» አለች። ስለ ምርጫ ደብተሬ ላይ ጥቂት ነገር ጻፍኩና ተነጋገርንበት። ጥፋቴ ይኸው ነበር።

መርማሪው የወሰዱብኝን ደብተር ገልጦ አንድ ቃል ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«ይህ ምን ይላል?»

«ዴሞክራሲ።»

«በዐረብኛም ስሙ ከዚህ ብዙ አይርቅም» አለ። «ምን ማለት ነው?»

ለልጆች ለዓመታት ያስጻፍኩትን በቃሌ አነበነብኩለት፤ ሕዝብ የሚያስተዳድረውን ሲመርጥ፣ ሲፈልግም ሲሽር፤ ቀጥተኛም አለ፣ በተወካይ የሚሆንም አለ። ሰውዬው እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«የት አይተሽዋል?»

አንድ ጊዜ ተሰልፌ ካርድ ከትቻለሁ። ማን እንደሚያሸንፍ ግን ሰልፉ ላይ የቆምነው ሁሉ አስቀድመን እናውቅ ነበር። ዝምታዬን ጽፎ ደብተሩን ዘጋው።

ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ ነው። መስኮት የለውም፤ ከቆርቆሮው ሥር እጅ የማያሾልኩ ሦስት ቀዳዳዎች ነበሩት። ከእኔ ጋር አሥራ አንድ ሆንን። ውሃ በቀን አንድ ጀሪካን ነው። ፀሐዩ ቆርቆሮውን ሲያግለው ሁላችንም አፋችንን ከፍተን እንተነፍሳለን።

እዚያ በገባሁ በስድስተኛው ሳምንት ከኡም ራኩባ የስደተኞች ካምፕ የመጣች አንዲት ትግሬ ነፍሰ ጡር ትኩሳት ያዛት። ከሁለት ቀን በኋላ ቁጭ ማለት አቃታት። በሩን ደበደብን። የግቢው አለቃ መጣና በሩ ላይ ቆሞ፣ «አሥራ አንድ አፍ አልሰማም። አንድ ሰው ምረጡ፣ እሷን አናግራለሁ» ብሎ ሄደ።

መጀመሪያ የተናገረችው የሕግ ተማሪ የሆነች ሱዳናዊት ናት። ሠፈሯ ውስጥ ሰልፍ አስተባብረሻል ተብላ ነው የታሰረችው። «እጅ እናውጣ፣ ብዙ ያገኘች ትሂድ» አለች።

በገላባት ጨርቅ የምትነግድ ሐበሻ እስላም ነበረች፤ ሁላችንም ኻልቲ እንላታለን፣ አክስቴ እንደማለት። ዐረብኛውንም አማርኛውንም ትግርኛውንም ስለምትችል አንዳችን ለሌላችን የምንናገረው በእሷ በኩል ነበር። ኻልቲ በሐሳቡ አልተስማማችም።

«እጅ ቆጥረን ስንጨርስ ያኮረፈች ብትኖርሳ? እኔ ባደግኩበት አገር ለጉዳይ ሰው የሚላከው ሁሉም ልቡ ሲረጋ ነው። ቀን ቢፈጅም ይፈጃል።»

«ቀን የለንም፣ ኻልቲ» አለች ተማሪዋ፣ በዓይኗ ወደ ታመመችው እያሳየች።

የታመመችው በተኛችበት በትግርኛ አንድ ነገር አለች። ኻልቲ ተረጎመችልን፦ «ካምፑ ውስጥ ተወካይ አለን። ማን እንደመረጠው ግን አላውቅም። እባካችሁ እኔንም ጠይቁኝ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። መምህሯ አንቺ ነሽ፣ የቱ ነው ትክክሉ አሉኝ። ከመጽሐፉ የማስታውሰው ሁሉ ምላሴ ላይ ነበር፤ አንዱም አልወጣ አለ። «ሁለቱንም እናድርገው» አልኩ። «መጀመሪያ ሁላችንም እንናገር፣ ከዚያ እጅ እናውጣ።»

በየተራ ተናገርን። በሩ ሥር የምትተኛው ሻይ ሻጭ፣ «እኔ ማንም እንዲሄድ አልፈልግም» አለች። «የሄደችው አፏን ትከፍታለች፤ ሁላችንም እንቀጣለን።»

ማንም አልተቆጣትም። ተማሪዋ፣ «ምን ብትል ነው የማትፈሪው?» ብላ ጠየቀቻት። ሻይ ሻጯ አሰበች፤ «ስለ መፈታት አታንሣ። ውሃና ሐኪም ብቻ ትጠይቅ» አለች። በዚህ ተስማማን። የፈራችው ሴት ናት መልእክታችንን ያቃናችው።

ኻልቲና እኔ ተጠቆምን፤ እጅ ሲወጣ ኻልቲ ስድስት አገኘች። የታመመችው አንድ ጣቷን ብቻ ከፍ አደረገች፤ እሱም ለኻልቲ ተቆጠረ። ሻይ ሻጯ ለማንም አላወጣችም። እኔ አራት አገኘሁ። ከአራቱ አንዷ ኻልቲ ራሷ ነበረች፤ አንዷ ደግሞ የራሴ እጅ ናት። መመረጥ እፈልግ ነበር። መሄድ፣ ግቢውን መሻገር፣ ሰማይ ማየት፣ እግረ መንገዴንም ስለ ልጄ መጠየቅ እፈልግ ነበር። ከተያዝኩ ጀምሮ ድምጿን አልሰማሁም። ማታ ማታ ፀጉሯን ማን እንደሚያበጥርላት አስባለሁ።

አለቃው ተመለሰ። ኻልቲ ተነሣች። እጁን አወናጨፈባት።

«ይህቺን አላናግርም፤ ነገረኛ ናት። ኡስታዛ፣ ነይ አንቺ። የተማርሽ ነሽ፣ እንግባባለን።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ድንበር ማዶ ልጅ አለችሽ አሉ። አስደውልልሻለሁ» አለኝ።

እግሬ አንድ እርምጃ ተራምዶ ነበር። ይህን መደበቅ አልፈልግም። ከክፍሉ ማንም «ተይ» አላለኝም። የኻልቲ ፊት ላይ ቅሬታ አልነበረም። እንዲያውም በአማርኛ ቀስ ብላ፣ «ሂጂ እናቴ፣ ልጅሽን አግኚያት» አለችኝ።

ዐረብኛዬ የገበያ ዐረብኛ ነው። ያለኝን አሰባሰብኩ።

«ጀናቦ፣ የተመረጠችው እሷ ናት» አልኩት፤ እዚያ አገር መኮንን የሚጠራው እንዲህ ነው።

«ሌላ ምረጡ!»

ተማሪዋ፣ «ማን ትሂድ?» ብላ ጮክ ብላ ጠየቀች፣ አለቃው እዚያው ቆሞ። እጆች ወጡ። በመጀመሪያው ለእኔ ያወጡት አሁን ለኻልቲ አወጡ። ሻይ ሻጯም አወጣች። እኔም አወጣሁ።

በሩን ዘግቶ ሄደ። የዚያን ቀን በምሳ ሰዓት የሚገባው ጀሪካን ቀረብን። በታመመችው ግንባር ላይ የነበረው ጨርቅ ደረቀ። ልክ መሥራታችንን እርግጠኛ አልነበርኩም፤ ልጄን በስሟ እየጠራሁ በልቤ ይቅርታ እጠይቃት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ለዐሥር ሶላት ሲጣራ በሩ ተከፈተ። ወታደሩ፣ «ያቺ ነጋዴ ትውጣ» አለ። ኻልቲ የተከናነበችውን ቶብ ትከሻዋ ላይ አስተካክላ ዞር ብላ አየችን።

«ያላችሁኝን ብቻ ነው የምለው። አልጨምርም፣ አልቀንስም።»

ብዙ ሳይቆይ ሁለት ጀሪካን ውሃ ገባ። ሁለት ሰዎች መጥተው የታመመችውን በብርድ ልብስ ተሸክመው ወደ ሐኪም ቤት ወሰዷት። ኻልቲ ግን አልተመለሰችም። ስንጠይቅ ማፊ፣ የለችም ይሉናል። ጫማዋ በሩ ሥር ቀርቶ ነበር። ሻይ ሻጯ አቧራውን ጠርጋ ግድግዳው ጥግ አስቀመጠችው፤ እኔ እስክፈታ ድረስ ማንም አላነሣውም።

በቀጣዩ ወር ምንም ሳይሉኝ ለቀቁኝ። በወጣሁ ቀን ለእህቴ ደወልኩ፤ ልጄ ድምፄን ለመለየት ትንሽ ጊዜ ወሰደባት። ነፍሰ ጡሯ በሰላም መገላገሏን ከካምፑ ከሚመጡ ሰዎች ሰማሁ። የኻልቲን ነገር የሚነግረኝ ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁም። ገላባት በሄድኩ ቁጥር ጨርቅ ተራ ገብቼ እጠይቃለሁ። አንዳንዱ ወደ መተማ አሻገሯት ይላል፣ ሌላው ፋው ከተማ አይቻታለሁ ይላል። ሱቋን አሁን ሌላ ሰው ይዞታል።

አሁንም ሰሊጥ እለቅማለሁ። ሬዲዮ ስለ ምርጫ ሲያወራ፣ ሰው ስለ አገር ሲከራከር እሰማለሁ፤ አልገባበትም። ያ መርማሪ ዛሬ ቢጠይቀኝ ግን ዴሞክራሲን የት እንዳየሁት እነግረው ነበር። ቆጥረን ተሸነፍኩ፤ ያሸነፈችኝ ድምጿን ለእኔ የሰጠች ሴት ነበረች። እንደዚያ ያለ መሸነፍ ይናፍቀኛል።