እትዬ በረኪና አያት የሆኑ ሰሞን

ሆስፒታላችን ውስጥ እትዬ በረኪናን የማያውቅ ሰው ካለ ትናንት የተቀጠረ መሆን አለበት። ሥራቸው የኦፕራሲዮን መሣሪያ ማጠብና በእንፋሎት መቀቀል ነው። መቀሱም መቆንጠጫውም በእሳቸው እጅ ሳያልፍ ሐኪም እጅ አይገባም። እንዲህ ጀርም ሲገድሉ ሃያ ስድስት ዓመት ሆናቸው። እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቀው የቅጥር ፋይላቸው ብቻ ነው፤ እሳቸውም ቅር አይላቸውም። «ስድብ መሰለሽ እንዴ? ማዕረግ ነው እኮ!» ይሉኛል። እኔ ከክፍላቸው ጎን ያለው ካርድ ክፍል ነው የምሠራው። የሻይ ሰዓታችን አንድ ነው፤ እሳቸው ማውራት ይወዳሉ፣ እኔ መስማት።

አንድ ጊዜ አንዲት ተማሪ ሐኪም የውጭ ጫማዋን እንዳደረገች ክፍላቸው ዘው ብላ ገባች። መቆንጠጫ እንደያዙ እስከ ኮሪደሩ ጫፍ አባረሯት። «ሐኪም ሁኚ ንግሥት ሁኚ፣ ይሄ ጫማ ከዚህ በር አያልፍም!» ያቺ ልጅ ዛሬ የሕፃናት ሐኪም ናት፤ አሁንም በበራቸው ስታልፍ እግሯን አየት ታደርጋለች።

እንግዲህ የእትዬ አንድያ ልጅ በኦፕራሲዮን ወንድ ልጅ ወለደች። «መሣሪያውን የቀቀልኩት እኔው ነኝ!» እያሉ ሆስፒታሉን አዳረሱት። ከዚያ ፈቃድ ወስደው ልጃቸውን ሊያርሱ ሄዱ።

በአምስተኛው ቀን ልጠይቃት ሄድኩ። ገና በሩን ከፈት ሳደርግ «ቁሚ እዚያው!» አሉኝ፣ አፋቸውን በጭምብል ሸፍነው። ጠረጴዛው ላይ ጥጥ፣ አልኮል፣ ጓንት ተደርድሯል። ቤቱ የሚሸተው ኦፕራሲዮን ክፍል ነው። ሕፃኑ እስከ አገጩ ተጠቅልሎ ተኝቷል፤ አባትየው ደግሞ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

«እኔ ልጄን የማየው እንደ ወርቅ ቤት ዕቃ ነው» አለኝ በሹክሹክታ። «ማየት ይቻላል፣ መንካት ክልክል።»

«ሰምቻለሁ!» አሉ እትዬ።

ሕፃኑ ነቅቶ ሲያለቅስ ጓንታቸውን አጠለቁ፤ የልጃቸውን ጡት ጫፍ በአልኮል ጠረጉ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ አለቀለቁ፣ አደረቁ። ይሄ በየጡቱ ሰዓት ነው፣ በቀን አሥር ጊዜ። ሕፃኑ ጡቱን ሲይዝ አራሷ የትራሱን ጫፍ ነከሰች። ጡቷ ተሰነጣጥቆ ይደማ ነበር። ሕፃኑም ጥቂት ሳይጠባ ስለምታላቅቀው አይጠግብም፤ ስላልጠገበ ያለቅሳል።

«እማዬ፣ ሁለት ቀን እሞክራለሁ። ካልሆነ ጡጦ ይገዛ፤ አልቻልኩም።»

እትዬ ክው አሉ። የልጅ ልጃቸው የእናቱን ጡት እንዲጠግብ የማያደርጉት ነገር አልነበረም። መፍትሔ ያሉት ግን ያንኑ ነበር፤ ቁስሉን ያመጣው ጀርም ነው ብለው አልኮሉን ጨመሩ።

በሰባተኛው ቀን ሕፃኑን ሊያስመዝኑ መጡ። አብሬያቸው ገባሁ። ሐኪሟ ያቺው ባለ ጫማዋ ናት። ሕፃኑ ክብደት አልጨመረም። የእናትየውን ጡት አየችና «ምን ነካው?» አለች።

«በአልኮል ነው የማፀዳላት» አሉ እትዬ፣ ኮራ ብለው።

ሐኪሟ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «እትዬ፣ የዚህ ልጅ አንጀት ገና ተከራይ ያልገባበት አዲስ ቤት በሉት። በምጥ የሚወለድ ልጅ መንገድ ላይ ከእናቱ ባክቴሪያ ይዞ ይገባል። እሱ ግን በመስኮት ነው የወጣው፤ ብዙዎቹ በር ላይ ቀሩ። አሁን የሚያገኛቸው ከእናቱ ገላና ከጡቷ ነው፤ እርስዎ ደግሞ በጥጥ ጠርገው ያባርሯቸዋል!»

«ባክቴሪያ ለሕፃን?»

«ጥሩዎቹ ናቸዋ! ወተቷ ውስጥ ልጁ ራሱ መፍጨት የማይችለው ስኳር አለ። ለማን የተሠራ ይመስልዎታል? ለእነሱ ነው። እነሱ ሲበሉና ሲበዙ ለክፉዎቹ ቦታ አይተዉም፤ ሰውነቱም ወዳጅና ጠላት መለየት ይማራል። ገና ያላወቅነው ብዙ ነው፤ ይሄን ያህሉን ግን እናውቃለን።»

«ሃያ ስድስት ዓመት ስፈጅ የኖርኩት ወዳጅ ነበር በይኛ!»

«እዚያማ ይፍጁልን! መቀስ ሆድ የለውም። ልጁ ግን መቀስ አይደለም።»

አራሷ መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥላ አለቀሰች። ሐኪሟ የሕፃኑን አጎራረስ አስተካክላ አሳየቻት። እጅ በሳሙና መታጠብ ይቀጥላል፤ አልኮሉ ይቀራል፤ ጡቷ ላይ የራሷ ወተት ጠብታ ይቀባል፤ ሕፃኑም ራቁቱን ደረቷ ላይ ይተኛል።  

ከዚያ በኋላ ያለውን አራሷ ናት ያጫወተችኝ። እትዬ እጃቸው ሥራ አጥቶ አንዱን ፎጣ አራት ጊዜ ያጥፋሉ፤ ጥጡን ያነሱና መልሰው ያስቀምጣሉ። አባትየው ልጁን የታቀፈ ዕለት ፊታቸውን ወደ መስኮት አዙረው «ጨረስክ?» እያሉ አምስቴ ጠየቁት። ከሐኪሟ ከተመለሱ በአራተኛው ቀን ግን እሷ ልጁን አጥብታ፣ ከአንዱ ጡት ወደ ሌላው አዙራ ስትጨርስ ትራሱን አለመንከሷ ትዝ አላት።

«እማዬ» አለች፣ «አላመመኝም እኮ።»

እትዬ መሬቱ ላይ ቁጭ አሉ አሉ፤ ወንበር ነበር፣ አልታያቸውም።

ባለፈው እሑድ ደግሜ ሄድኩ። ሕፃኑ ጉንጭ አውጥቷል። ጡጦ የሚባል ነገር ቤቱ ውስጥ የለም። አራሷ አጥብታ በእፎይታ ጋደም ስትል እትዬ በባዶ እጃቸው ተቀብለው ትከሻቸው ላይ አደረጉት። ሕፃኑ አገሳና የጠባውን አንገታቸው ላይ ለቀቀው። አባትየውና እኔ ተያየን፤ አሁን ብድግ ይላሉ ብለን ስንጠብቅ እሳቸው ጀርባውን መታ መታ ማድረጋቸውን አላቋረጡም።

«ተዉት፣ እንቅልፍ እየወሰደው ነው» አሉ። «ይደርቃል።»