ስለ ሥራው ሲጠየቁ ስለ እጁ

ሠራተኛ ሊቀነስ ሲል አለቃ ቀድሞ ያውቃል ወይስ አያውቅም የሚለው ነገር በእኛ ቤት የቆየ ክርክር ነው። ባለቤቴ "ያውቃል" ብሎ ይደመድማል። እኔ አንድ ቀን ያውቃል እላለሁ፣ አንድ ቀን ደግሞ ከየት አባቱ ያውቃል እላለሁ። ዛሬም ነገሩ ገብቶኛል ብዬ አልምልም።

ጊዜው ደርግ ሊያበቃ ግድም ነው፤ ቅይጥ ኢኮኖሚ መጣ ተብሎ ሰው ሁሉ እንደየስሜቱ ሲተረጉመው የከረመበት። ባለቤቴ ያኔ አዋሳ ውስጥ በአንድ የመንግሥት የእንጨት ሥራ ድርጅት አናጢ ነበር፤ የትምህርት ቤት ዴስክና የቢሮ ጠረጴዛ ይሠራሉ። አባቴ በዚያችው ከተማ ፒያሳ ላይ ጨርቅ ይሸጣል፤ እኔም ሱቁ ውስጥ አግዘዋለሁ። ከባለቤቴ ጋር የተግባባነው እዚያው ነው። ዛሬ ለሸሚዝ፣ ነገ ለሱሪ እያለ የማያሰፋውን ጨርቅ ሲገዛ ይከርማል። አባቴ ምንም አልጠረጠረም ብዬ አስብ ነበር።

አንድ እሑድ ጠዋት ሽማግሌዎች መጡ። የልጁ ወላጆች ሩቅ አገር ስለነበሩ ዋና ሽማግሌ እንዲሆኑለት የለመነው የድርጅቱን ሥራ አስኪያጅ ነው። በሥራ ቦታቸው "ጓድ" ይባላሉ፤ ጋቢያቸውን ደርበው በራችን ላይ ሲቆሙ ግን የማንም ጓድ አይመስሉም ነበር። እንደ ወጉ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ እያጮለቅኩ እሰማለሁ።

አባቴ ብዙ አልጠየቀም። የልጁን ዘመዶች ጠየቀ፣ ጠባዩን ጠየቀ፣ ከዚያ "ሥራውስ እንዴት ነው? የሚያዛልቅ ነው?" አላቸው።

ሥራ አስኪያጁ ጋቢያቸውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወሩ። "ለእጁ እኔ ዋስ ነኝ" አሉ ቀስ ብለው። "ሥራ የማይፈራ ልጅ ነው።"

አባቴም መልካም ብሎ ዘመድ እስኪያማክር ቀጠራቸው፤ በቀጠሮውም እሺ አለ። እኔ የምሆነውን አጣሁ፤ የምሸጠውን ጨርቅ ሁሉ አስረዝሜ እየቆረጥኩ አባቴን ላከስረው ነበር።

የሠርጉ ሽር ጉድ ከተጀመረ በኋላ አንድ ቀን ጠዋት ሠራተኛው በሙሉ አዳራሽ ተጠራ። የተለመደው ስብሰባ የመሰላቸው ኋላ ተቀምጠው ሊያንቀላፉ ነው የገቡት። ጣውላ የለም፣ በጀት የለም፣ ስለዚህ ሠራተኛ ይቀነሳል ተባለ። እጮኛዬም ተቀነሰ።

ከዚያ ወሬው ያዞረኝ ጀመር። ገሚሱ "ሥራ አስኪያጁ አዲስ አበባ ስብሰባ ሲመላለሱ የከረሙት ለምን ሆነና ነው፣ ያውቃሉ እንጂ" ይላል። ገሚሱ ደግሞ "የሚያውቅ ሰው በዚህ ሰዓት ቢሮውን ቀለም ያስቀባል?" ይላል። እውነትም ሰሞኑን ቢሮአቸውን አረንጓዴ አስቀብተው ነበር። ሌላ ደንበኛችን ደግሞ ዘበኛቸውን "ልጅህን መንጃ ፈቃድ አስወጣው" ብለውታል ትላለች። ይሄ ደግሞ ምን ማለት ነው? እኔ እንጃ። አውቀው ከሆነ እንዴት ለሚባረር ልጅ ሚስት ሊጠይቁ ይመጣሉ? ካላወቁስ ያቺ ጋቢ ማዛወራቸው ምን ነበረች? ጨርቅ ስለካ ሐሳቤ እየሄደ ለአንዱ ሰው ሁለቴ እለካ ጀመር።

እጮኛዬ ሱቅ ሲመጣ ሥራ አስኪያጁ ያውቁ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ባንኮኒውን በጥፍሩ ሲፍቅ ቆይቶ "ነግረውኝ ነበር" አለ።

ሽምግልናውን ሊለምናቸው በሄደ ቀን ነው የነገሩት። ቅነሳ እየመጣ ነውና ትንሽ ታገሥ ብለውታል፤ ወሬው ከእሳቸው ወጣ ከተባለ አሻጥረኛ ተብለው ስለሚጠየቁ ለማንም እንዳይናገርም አስምለውታል። እሱ ግን እግራቸው ላይ ወድቆ ለመነ። በመጨረሻ እሄድልሃለሁ፣ ግን አልዋሽልህም ብለው መጡ።

"ለእኔስ ለምን አልነገርከኝም?" አልኩት።

"እንዳትቀሪብኝ።"

ደሜ ፈላ። ሠርግ ብሎ ነገር የለም ብዬ ከሱቁ አስወጣሁት።

አባቴ አብሮኝ ይናደዳል ብዬ ሮጬ ነገርኩት። እሱ ግን አቡጀዲውን እየጠቀለለ "እኔም ያን ለታ ገብቶኛል" አለኝ። ደንበኛ ሴቶች መጥተው ጨርቁ ሲታጠብ ይለቃል ወይ ሲሉት ቀለሙ እንዴት እንደሚያምርባቸው ይነግራቸዋል፤ ሥራ አስኪያጁን ስለ ልጁ ሥራ ሲጠይቃቸው ስለ እጁ ሲመልሱለት የገዛ ዘዴውን እንዴት ያጣዋል?

"ታዲያ ለምን እሺ አልክ?" አልኩት።

"አንቺ ያን ሁሉ ጨርቅ ሸጠሽለት የለ?" አለና ጥቅሉን መደርደሪያው ላይ መለሰ።

እንግዲህ አለቃው ያውቃሉ፣ ልጁ ያውቃል፣ አባቴ ገብቶታል። የማላውቀው የምዳረው እኔ ነኝ። በማን እንደምናደድ ጠፋኝ። ልጁን እወደዋለሁ፤ ፊቱን ማየት ደግሞ አልፈልግም። ማታ አስቀራለሁ ብዬ ወስኜ እተኛለሁ፣ ጠዋት ስነሣ ሠርጉን አስባለሁ።

ሽማግሌዎቹ እኔን ሊያግባቡ ተመልሰው መጡ። በዚህኛው ከመጋረጃ ጀርባ አልቆምም ብዬ ወጣሁ። አክስቴ ነውር ነው ብላ ልትጎትተኝ ስትል አባቴ "ተያት" አላት። ሥራ አስኪያጁ ፊት ቆምኩ።

"ጋሼ፣ ልጁ ሥራ አለው?" አልኳቸው።

"የለውም፣ ልጄ" አሉ። በዚህኛው ጋቢያቸውን አልነኩም።

"ያን ለታ ያውቁ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

ለካ የፈለግኩት ይሄንኑ ኖሯል። አንድ ሰው ፊት ለፊት እንዲነግረኝ ብቻ። እንባዬ መጣ፣ ሳላስበውም "እንግዲያው አገባዋለሁ" አልኩ። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፣ አክስቴ እልል አለች፣ ምግብ ቀረበ።

እጃቸውን ሳስታጥባቸው ግን አንዲት ነገር ከነከነችኝ። ድርጅቱ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ካወቁ ያን ቢሮ ለምን ቀለም አስቀቡት? ጠየቅኳቸው።

ውኃው እጃቸው ላይ እየፈሰሰ ቀና ብለው አዩኝ።

"ቢሮውን ትናንት አስረክቤ ወጣሁ" አሉ። "የእኔን መቀነስ ማንም አልነገረኝም፣ ልጄ።"