ለአባቴ ዘንግ የተመረጠችው ማጠንጠኛ

ባለፈው ሳምንት ቢቸና መናኸሪያ አንድ ወጣት የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ። የዘንጉ ክር ማጠንጠኛ ዘይት ሲሸተኝ አባቴ ትዝ አለኝ።

ሞጣ ሳለን አባቴ ከመኪና አደጋ በኋላ ከአልጋ አይወርድም ነበር። እናቴ ሞታ ስለነበር የማነሳውም የማጥበውም እኔ ነበርኩ፤ ገና አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። አብሮት የሠራ መሐንዲስ የሰጠው ጥሩ ዘንግ ነበረው፤ የክሩ ማጠንጠኛ ግን ተሰብሯል። አንድ ቀን ሹፌር የሆነ ጎረቤታችን ከባሕር ዳር ሁለት ማጠንጠኛ አምጥቶ "የሚሻልዎትን ይምረጡ" አለው።

አባቴ ትልቁን ገጠመና ዘንጉን በአንድ ጣቱ ላይ አጋደመው፤ እጀታው ወደ ታች ወረደ። ትንሿን ሲገጥም ግን ዘንጉ ሳያዘነብል ረጋ።

"ለዚህ ዘንግ የምትሆነው ይቺ ናት" አለኝ። "ቀላል ናት፤ ቀኑን ሙሉ ብትወረውሪ እጅሽ አይዝልም።"

"እኔ ነኝ እንዴ የምሄደው አባባ?"

"እኔማ የት እሄዳለሁ? ነገ ወንዝ ውረጂ። ለአንድ ቀን እንኳ ከዚህ ክፍል ውጪ።"

በማግስቱ ዘንጉን ይዤ እስከ አጥሩ በር ደረስኩ። ከውስጥ ሲያስል ሰማሁት። ውሃ ቢጠማው ማን ያቀብለዋል ብዬ ተመለስኩ።

"ዓሣ የለም" አልኩት።

የጠዋት ፀሐይ ገና ከመስኮቱ አላለፈችም ነበር። ወንዝ እንዳልወረድኩ እያወቀ፣ "ነገ ይኖራል" አለኝ።