ውኃ የፈራው ዘማች

ቅድም የልጅሽን የጡጦ ጫፍ ስቀቅል የተነሳው የላስቲክ ሽታ ነው ወጥ ቤቱ በር ላይ ያስቆመኝ። ምን ሆንሽ ስትይኝ ምንም አልኩሽ። ያ ሽታ አፍንጫዬ በገባ ቁጥር ሐይቅ ከተማ እመለሳለሁ። የጤና ጣቢያው የኋላ ክፍል ይታየኛል፤ የላምባው ምድጃ ፉጨት፣ በመስኮቱ ላይ ያረፈው እንፋሎት፣ ከእንፋሎቱ ወዲያ ደግሞ ሐይቁ ላይ ገና ያልተነሳው የጠዋት ጉም።

ያኔ ሃያ ዓመት ቢሞላኝ ነው። ደሴ ተምሬ፣ በጤና ረዳትነት ተመድቤ፣ ውጫሌ የምትኖረው እናቴም በአውቶቡስ ቅርብ ስለሆንኩላት የተሳለችውን ስለት አስገብታ ነበር። ነጩን ጋውን ለብሼ በከተማው መሐል ስሄድ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። እንዳትስቂብኝ።

አለቃዬ ጸጉራቸው የሸበተ አንጋፋ ድሬሰር፣ የድሮ የሕክምና ባለሙያ፣ ነበሩ። አንድ ቀን ከሐይቁ ዳር መንደር አንዲት ሴት መጣች። ተራዋ ሲደርስ ለሌላው እየለቀቀች፣ ክፍሉ ባዶ እስኪሆን ተቀመጠች። ከዚያ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ተናገረች። ባሏ ቀበሌው መልምሎ ሰሜን ከላካቸው ሚሊሺያዎች አንዱ ነው። ወገቡን ተመትቶ ተመልሷል። በምርኩዝ መራመዱንስ ይራመዳል።

«ሽንቱ ግን አያስታውቀውም» አለች። «ዝም ብሎ ይፈሳል።»

ከጓሮ፣ ከበቆሎው መሐል ትንሽ ጎጆ ቀልሶ እዚያ ከገባ ወራት አልፈውታል። ከልጆቹ ጋር ማዕድ አይቀርብም፤ መስጊድ መሄዱን ትቷል። ከሦስት ቀን ወዲህ ደግሞ ትኩሳት ያንቀጠቅጠዋል።

ከአለቃዬ ጋር ተከትለናት ሄድን። በቆሎው ከራሳችን በላይ ነበር፤ ቅጠሉ ሲተሻሽ ዝናብ የመጣ ይመስላል። የጎጆዋ በር ዝቅ ያለ ስለነበር ጎንበስ ብዬ ስገባ ሽታው ከፊቴ ተቀበለኝ። እጄ ሳላዘው አፍንጫዬ ላይ ሄደ። ወዲያው መለስኩት፤ ግን አይቶኛል። ትኩሳት ያቀላው ዓይኑ እጄን ተከትሎ ሲወርድ ዛሬም ይታየኛል። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ለአለቃዬም ልጅቱን አስወጡልኝ አላቸው።

ውጭ ቆሜ ጠበቅኩ። ሲወጡ ነገሩን አስረዱኝ። ፊኛው መሙላቱን የሚነግረው ነርቭ ተጎድቷል፤ ሲሞላ ይተርፍና ይፈሳል። በየጥቂት ሰዓቱ በቀጭን የላስቲክ ቱቦ ካስወጡለት ግን መሐሉን ደርቆ ይውላል። እሳቸው በወጣትነታቸው ትልቅ ሆስፒታል ቁስለኞች ሲያስታምሙ የተማሩት ነው። ትኩሳቱ ደግሞ የመጣው ውኃ በመተዉ ነበር። ባልጠጣ አልሸናም ብሎ ቀኑን ሙሉ በአንዲት ስኒ ሻይ ይውላል፤ የቀረችው ሽንት ውስጡ ቆይታ ትበላሻለች። ከደጁ ማዶ ያን ሁሉ ውኃ እያየ ከንፈሩ በጥም ተሰነጣጥቆ ነበር።

ወደ ከተማ ስንመለስ ይቆጡኛል ብዬ እየጠበቅኩ ከኋላ ከኋላቸው ሄድኩ። አስፋልቱ ላይ ስንወጣ ብቻ እንዲህ አሉኝ።

«ይህ ሰው ጥይት ሲዘንብበት አልሸሸም። ዛሬ ካንቺ ፊት ሸሸ።»

ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ራሳቸው እየሄዱ፣ መርፌ እየወጉት፣ በቱቦውም እያስወጡለት ትኩሳቱን አበረዱለት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግን በዚያ ዓመት ድርቅ ለተፈናቀሉ ሰዎች ወደተሠራ መጠለያ እንዲሄዱ ትእዛዝ መጣባቸው። ሻንጣቸውን አስረው ሲወጡ ቱቦዎቹን የያዘውን የቆርቆሮ ሳጥን እጄ ላይ አስቀመጡ። «ከእንግዲህ ያንቺ ነው» አሉኝ፤ የሚያስፈልገኝ ምክር እሱ ብቻ ይመስል።

ብቻዬን ሄድኩ። በሩን ዘጋብኝ። ከውጭ ሆኜ «ጋሼ፣ ያን ዕለት ስላደረግኩት ይቅር በሉኝ» አልኩ። ቆይቶ፣ ለኔ ሳይሆን ለሚስቱ፣ ልጁ የምትሆን ሴት ገላውን እንደማትነካው ነገራት። እውነቱን ነው ብዬ ሳጥኑን ይዤ ልመለስ ስል ሚስትየዋ መንገዴ ላይ ቆመች።

«እኔስ?» አለችው በሩን እያየች። «ገላህ የኔም ነው። አሠራሩን እሷ ታሳየኝ።»

በመጨረሻ መቀርቀሪያው ሲነሳ ሰማን።

የመጀመሪያውን ቀን ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ ተኛ። እኔ ደሴ እንደተማርኩት የሚስቱን እጅ ይዤ መራኋት፤ በሳሙና እስከ ክርን መታጠብ፣ ቱቦውን በቅባት ማለስለስ፣ ቀስ ማለት፣ ከገታ ትንሽ መጠበቅ እንጂ አለመግፋት። ሽንቱ ከስሩ ያኖርነው ፖፖ ውስጥ መውረድ ሲጀምር ከጋቢው ስር ረጅም ትንፋሽ ወጣ። ሚስትየዋ «አልሐምዱሊላህ» አለች ለራሷ።

ቤታቸው ውስጥ ሰዓት አልነበረም። እኔ በሰዓት ቆጥሬ የጻፍኩላትን እሷ በሶላት ወቅት አደረገችው፦ ሱብሂ፣ ዙሁር፣ አስር፣ መግሪብ፣ ኢሻ። ቱቦው ሃያ ደቂቃ መፍላት አለበት ስላት ደግሞ አንድ ረጅም መንዙማ ከጫፍ እስከ ጫፍ ማዜም ጀመረች። በኔ ሰዓት ለካሁት፤ ከሃያ ትንሽ ያልፋል። አሁን ሁሉም በላስቲክ ታሽጎ መጥቶ አንዴ ተሠርቶበት ይጣላል። ያኔ አንዷ ቱቦ ያን መንዙማ ስንት ጊዜ ሰምታለች!

ውኃው ግን አልሆነልንም። ስናስወጣለት ዝም የሚለው ሰው ጣሳ ስናቀርብለት ጥርሱን ይነክስ ነበር። ለምኜው፣ ኩላሊትዎ ይሞታል ብዬ አስፈራርቼው አልሰማ ሲለኝ አንድ ቀን ማሰሮ ሙሉ የምንጭ ውኃ አስቀርቤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

«አንድ አንቱ፣ አንድ እኔ» አልኩት።

አየኝ። እኔ ጠጣሁ። ጣሳውን ተቀበለኝ። እኔ ደገምኩ፣ እሱም ደገመ። አምስተኛው ላይ መቀመጥ አቃተኝ፤ ስድስተኛውን እንደምንም ጨርሼ እግሬን አቆላልፌ ትንሽ ታገስኩና ተነስቼ በጋውኔ በቆሎው ውስጥ ሮጥኩ። ስመለስ ሚስትየዋ ደጃፉ ላይ ሆዷን ይዛ ተቀምጣ፣ እንባዋ እየወረደ ትስቃለች። ከውስጥም ሰምቼው የማላውቀው ድምፅ መጣ፤ ለረጅም ጊዜ ሳይስቅ የቆየ ሰው ሳቅ።

«ሀኪሟም እንደኛው ናት» አለ።

ከዚያ ቀን በኋላ ጠጣ። ከንፈሩ ለሰለሰ፣ ጉንጩ ሞላ። በወሩ ከልብሱ ላይ ጠብታ ብቻ ነበር የሚቀረው። መስጊድ ግን አሁንም አልሄደም። ልብሴ ጡሃራ፣ ለሶላት ንጹሕ፣ አይደለም፣ በአላህ ፊት በዚህ አልቆምም ይል ነበር። ለዚህ ሳጥኔ ውስጥ መድኃኒት አልነበረም። ሚስትየዋ ወደ ሼሁ ስትሄድ እኔም አንገቴ ላይ ማተቤን እንዳሰርኩ ተከተልኳት። ሼሁ ከመስጊዱ በር ተቀምጠው ነበር። እሷ እያፈረች ያቋረጠችውን እኔ ሞላሁላት። እስክንጨርስ ሰሙን።

«በሽታ ወንጀል አይደለም» አሉ። «ጨርቅ ይታጠቅ፣ ወቅቱ ሲገባ ታጥቦ ውዱእ ያድርግና ይስገድ። ቢንጠባጠብበትም ሶላቱ ሶላት ነው። እንዲህ ያለው ሰው አላህ ዘንድ ከኔ ቀድሞ ይሰማ ይሆናል።»

መልእክቱን ይዘንለት ልንሄድ ስንነሳ ተዉት፣ ራሴ እነግረዋለሁ አሉን።

ጁምዓ ቀን ከጤና ጣቢያው ወጥቼ መንገዱ ዳር ቆምኩ። ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች፤ ሐይቁ ዓይን እስኪያጭበረብር ያበራል። በሸምበቆው ዳር ምርኩዝ የያዙ ሁለት ሰዎች ቀስ ብለው ሲመጡ አየሁ። ሽማግሌው ሼህ ለእሱ ብለው ይሁን በእርጅናቸው አላውቅም፣ በየጥቂት እርምጃው ይቆሙ ነበር። ሚስቱ ያጠበችለት ነጭ ሽርጥ ከሩቅ ይለያል። መስጊዱ በር ላይ ሲደርሱ ሼሁ ክንዱን ያዙትና አብረው ገቡ።

በበጋው ጎጆዋን ራሱ አፈረሳት።

ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወርኩ። ደብዳቤ የሚጻጻፍ ሰው አልነበረም፤ እኔም አገባሁ፣ አንቺን ወለድኩ፣ መንግሥትም ተለወጠ። ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ቀን ደሴ መናኸሪያ የወልድያ አውቶቡስ ስጠብቅ አንዲት ጸጉሯ ነጣ ያለ ሴት ትኩር ብላ ስታየኝ ቆይታ በስሜ ጠራችኝ። ተቃቀፍን። ባሏ እንዴት እንደሆነ ስጠይቃት ባለፈው ክረምት ሞተ አለችኝ። ሙያዬ ነውና ኩላሊቱ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ኩላሊቱም ሊሆን ይችላል፣ ትኩሳት ጀምሮት በሳምንቱ ነው አለች። ከዚያ፣ ያልጠየቅኳትን፣ እጄን ይዛ ነገረችኝ።

«እስከ መጨረሻው ከጎኔ ነው የተኛው» አለች። «ሲያልፍ እጁ እጄ ላይ ነበር።»

ረዳቱ ሐይቅ፣ ውጫሌ፣ ወልድያ እያለ ይጣራ ጀመር። እሷ እጄን፣ ያን ዕለት አፍንጫዬ ላይ የሄደውን፣ ሁለት ጊዜ ስማ ገባች። እኔም የምሄደው ወደዚያው ነበር። ግን ወዲያው ከኋላዋ መግባት አቃተኝና አውቶቡሱ ሲሄድ ቆሜ አየሁት።